ያልተነገረኝን የተናገርኩ ዕለት

የዱራሜ ልጅ፣ ከምባታ ነኝ። ሆሳዕና የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ወልጄ ቀረሁ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰፈራችንን እህቶች የጸሎት ቡድን እመራ ነበር።

እኔ ስጸልይ ሰው ያለቅስ ነበር። ድምፄ ከፍ ሲል ይንቀጠቀጣል፤ ተፈጥሮዬ ነው። ለብዙ ዓመታት ግን ያንን መንቀጥቀጥ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ብቻ አድርጌ አየሁት። ሌሎችም እንደዚያ ያዩት ነበር፤ ከሞርሲቶና ከቦኖሻ ድረስ ለጸሎት የሚፈልጉኝ ሰዎች ነበሩ። እምቢ ብዬ አላውቅም።

ከቡድናችን መካከል አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከጊምቢቹ ከእናቷ ጋር መጥታ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። እጇ ወርቅ ነው ይሏታል፤ የእኔንም የልጆቼንም ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ሐኪም ቤት ክኒን ካስጀመሯት ወዲህ ግን አራት ዓመት ያህል ጥሏት አያውቅም። ያም ሆኖ ታፍር ነበር። ክኒኑን የምትውጠው ተደብቃ ነው፤ እምነት የላትም እንዳይሏት።

አንድ ዓርብ መሃል ገብታ ተንበረከከችና "ጸልዩልኝ፣ ከዚህ ክኒን ልገላገል" አለች።

እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። እህቶች ከበዋት ይጸልያሉ። ከጎኔ የቆመችው እህት "ተናገሪ፣ የሰጠሽን ተናገሪ" ትለኛለች። ሁሉም እኔን ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ያን ጊዜም ምንም እንዳልሰማሁ አውቅ ነበር። ዝም ማለት አቃተኝ። አፌን ከፈትኩና "ጌታ ፈውሼሻለሁ ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ክኒን አያስፈልግሽም" አልኩ።

እልልታው ጣሪያውን አናወጠው። ልጅቷ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ማታ እናቷ እያዩ ክኒኑን ሽንት ቤት ጣለችው። በሁለተኛው እሁድ ምእመናን ፊት ቆማ መሰከረች። አየኋት፤ ፊቷ ያበራ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ምናልባት ሳላውቀው እውነቴን ይሆናል የተናገርኩት ብዬ አሰብኩ።

አምስት ሳምንት ምንም አልሆነችም። በስድስተኛው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቷ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው እሷ ቁርስ ልታሞቅ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ጣላት። የወደቀችው እሳቱ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተደወለልኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሆስፒታል ስደርስ ፊቷን በግራ በኩል፣ ቀኝ እጇን ደግሞ እስከ ክርኗ በፋሻ ጠቅልለዋታል። ዓይኗ ክፍት ነው። እናቷ እግሯ ሥር ተቀምጠዋል። ከቡድናችን ሦስት እህቶች ቀድመውኝ ደርሰዋል።

ሐኪሙ መጥቶ "መድኃኒቷን ትወስድ ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

እናቷ አማርኛ ብዙም አይችሉም። በሀዲይኛ መለሱ፤ ነርሷ "አቁማለች ነው የሚሉት" ብላ ተረጎመችለት።

"ማነው ያስቆማት?"

እናቷ ቀና ብለው አዩኝ። ይሄኔ ያቺ ዓርብ "ተናገሪ" ስትለኝ የነበረችው እህት "ጌታስ ፈውሷት ነበር፤ እምነቷ ደክሞ ፈውሷን መጠበቅ አቅቷት ነው" አለች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ እንደዚያ ነው፣ እንደማለት።

ልጅቷ ከፋሻው መሃል እያየችኝ ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ ጣቶቿ ተጣብቀው ቀሩ። መቀስ መያዝ አልቻለችም። ሱቋን ዘግተው እናትና ልጅ ወደ ጊምቢቹ ተመለሱ። የሄዱበትን ቀን እንኳ የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ከዚያ በኋላ መጸለይ አቃተኝ። ምግብ ላይ እንኳ ባለቤቴ ነበር የሚባርከው። ብቻዬን ስንበረከክ አፌን ስከፍት ያው የሚንቀጠቀጠው ድምፄ ይመጣል፤ እጠላውና እዘጋዋለሁ። ክፍል ገብቼ ቁጥር እጽፋለሁ፣ የተማሪ ደብተር አርማለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ዓርብ ሲደርስ አሞኛል እያልኩ እቀራለሁ።

ሦስት ወር እንዳለፈ ለመጋቢያችንና ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምንም ሳልሰማ ጌታ ይላል ማለቴን፣ ሆስፒታል ውስጥ ራሴን መነቅነቄን። መጋቢው ደግ ሰው ናቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው "እህቴ፣ ከተናዘዝሽ ጌታ ይቅር ብሎሻል። ተነሺና አገልግዪ፤ ነገሩ ባይዛመት ይሻላል" አሉኝ። ይቅርታው እውነት እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ግን እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ እሷ በሌለችበት፣ እንዴት አድርጌ ተቀብዬው ልውጣ? ከአገልግሎት እንዲያወርዱኝ ለመንኳቸው። እሷ በመሰከረችበት ቦታ ቆሜ እንድናገርም ለመንኳቸው። ብዙ ተከራክረው ፈቀዱልኝ።

ያን እሁድ የተናገርኩት አምስት ደቂቃ አይሞላም። እልልም ያለ፣ ያለቀሰም የለም። ስወጣ አንድ ሽማግሌ "ቤተ ክርስቲያኗን አሰደብሽ" አሉኝ።

ባለቤቴ ነው በመጨረሻ "ለሰው ሁሉ ተናዘዝሽ፤ እሷ ፊት ግን አልቆምሽም" ያለኝ።

ጊምቢቹ ሄድኩ። እናቷ በሩ ላይ ሲያዩኝ በሀዲይኛ ረጅም ነገር ተናገሩኝ። ከምባትኛና ሀዲይኛ ሩቅ ባይሆኑም እሳቸው እንደዚያ ሲፈጥኑ ግማሹን እንኳ አልያዝኩትም። "እሳት" የሚለውንና "ልጄ" የሚለውን ለየሁ። ከዚያ በሩን ዘጉት። ተመልሼ መኪና ውስጥ ስገባ የገረመኝ ማዘኔ ሳይሆን መረጋጋቴ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው የሚገባኝን አድርጎብኛል።

በሁለተኛው ጉዞዬም በሩ አልተከፈተም። ዝናብ ስለነበር ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ስሄድም ማንም አልወጣም።

በሦስተኛው ልጅቷ ራሷ ወጣች። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ከደጃቸው ካለው እንሰት አጠገብ በርጩማ አወጣችልኝ። እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ከበርጩማው ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በመንገድ ሁሉ ስዘጋጅበት የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ።

"እኔ ነኝ ያስቆምኩሽ። ጌታ ምንም አልነገረኝም ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ፤ እሁድ ቆመሽ የተናገርሽውን ነግረውኛል" አለች። "ቲቸር፣ ክኒኑን የጣለችው የእኔ እጅ ናት። እኔም ፈልጌ ነበር። ለዚህ ብዙም አልተቀየምኩሽ። ሆስፒታል ያደረግሽው ነው የገደለኝ። እምነቷ ደክሞ ነው ሲሉ ራስሽን ነቀነቅሽ። እንደዚያ ተቃጥዬ ተኝቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩሽ። ስንት ወር አመንኩሽ!"

ማልቀስ ፈለግኩ፤ ግን እሷ ፊት ማልቀስ መልሳ እንድታጽናናኝ መጠየቅ መሰለኝ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

"ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ የምትዪኝን ሁሉ አደርጋለሁ" አልኳት።

"ምንም።"

"አዲስ አበባ ይዤሽ ልሂድ፤ ለእጅሽ ሌላ ሐኪም..."

"አይተውኛል፤ እንደዚህ ነው የሚቀረው። ምንም ማድረግ አትችዪም ቲቸር። እኔም አልችልም። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ምንም ሳላደርግ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አላውቅም። ዶሮዎች በእግራችን ሥር ይጭራሉ። በመንገዱ ሰው ያልፋል፣ ሰላም ይላታል፣ እኔን ያየኛል። ሸሽቼ መሄድ ፈለግኩ፤ አልሄድኩም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ "ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። "ዛሬ ብያለሁ። ነገ ጠዋት ፀጉሬን መሥራት ሲያቅተኝ ግን እንደገና ማለት ሊኖርብኝ ነው። ከነገ ወዲያም። አላቀልልሽም፤ እንደዚህ ነው ያለኝ።"

ከዚያ ጎንበስ አለችና ያንን የተጣበቀ እጇን ራሴ ላይ አደረገችው። ቆዳው ደረቅ ነበር፤ ይሞቃልም። በሀዲይኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለጎረቤት እንኳ በማይሰማ ድምፅ ጸለየች። ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የገቡኝ። ምን እንዳለችልኝ አልጠየቅኳትም። ስትጨርስ አሜን አልኩ። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ጸሎቴ ያ አሜን ነው።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሷ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም። በግራ እጇ ጨርቅ መቁረጥ እየተማረች ነው፤ ገና ይጣመምባታል። እየደወልኩ እጠይቃታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ታነሳለች፣ አንዳንድ ቀን አታነሳም። ባላነሳች ቀን፣ ዛሬ ይቅርታውን መድገም ከብዷት ይሆናል እልና ስልኩን አስቀምጣለሁ።

ወደ መሪነቱ አልተመለስኩም። ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዲት እናት የሚያተኩሰውን ሕፃኗን ይዛ "ጸልዪለት" ብላ አስቆመችኝ። ሕፃኑን ተቀብዬ አቀፍኩትና "ጌታ ሆይ፣ እርዳን" አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ባጃጅ ጠርቼ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ተራችን እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን።