የእማዬ ኮምፒውተር አልጠፋም

ወንድሜን ቤት ውስጥ «ዘበኛው» ነው የምንለው። ሥራው ቢሮ ቁጭ ብሎ በየቅርንጫፉ ያሉትን ኮምፒውተሮች ሲከታተል መዋል ነው፤ የትኛው በርቷል፣ ሳይጠፋ ስንት ቀን ቆየ፣ ምን ያህል ሥራ ተጭኖበታል። በርቶ ሥራ የማይሠራ ካየ «ይሄ ደግሞ በቁሙ ተኝቷል» ይላል። አንዱ ጠፍቶ ስክሪኑ ላይ ከቀላ ምሳ አይወርድለትም።

እናታችን ሌላ ከተማ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ብትታመም አትናገርም፤ ስንደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ጆሯችን ላይ ትዘጋዋለች። ዘበኛው እኔ ጋ ነይ ቢላት «ቤቴን ለማን ጥዬ!» አለች። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሮጌ ኮምፒውተር ወስዶ መኝታ ቤቷ ተከለላት። እሷ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ታይበታለች፣ እሱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ዝርዝር መጨረሻ ላይ «እማዬ» ብሎ አስገባት። ጠዋት ካበራችው ተነሥታለች ማለት ነው። ትንሽ ካረፈደች ይደውላል፤ «ምን ሆንሽ? ለምን አላበራሽም?» አይ የሱ ነገር! ሴትዮዋን እንደ ቅርንጫፍ ያስተዳድራት ጀመር።

ከዚያ ማጥፋቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። እሱም መደወሉን ተወ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እማዬ ከሁሉም በለጠች፤ ስንት ጊዜዋ ሳትጠፋ!» እያለ ጉራውን ነዛብኝ።

«እሺ፣ ፎቶውን ታየዋለች?» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። ስልኩን አውጥቶ አየ። በርቷል፤ ሥራ ግን የለበትም። ትናንትም ባዶ፣ ከትናንት ወዲያም ባዶ። «በቁሙ ተኝቷል» እያለ ለሰው ሁሉ የሚያስተምረውን በገዛ እናቱ ረሳው! ደወልን። «ደህና ነኝ» አለች፤ ድምጿ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ወዲያው በሱ መኪና ሄድን፤ ስንደርስ አልጋ ላይ ናት። እግሯ አብጦ መቆም አቅቷታል፤ ውኃ የምታቀብላት ጎረቤቷ ናት። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ እንደበራ ነው፤ ብርሃኑ እንቅልፍ ስለነሣት ፎጣ አስጥላበታለች።

«ለምን አትነግሪንም!» ብዬ ጮህኩባት። ተናድጄ ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

«ተይ እንግዲህ» አለች። «ከጠፋ ልጄ ይደነግጣል ብዬ እኮ ነው።»

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ገመዱን ነቀለና እሷን አቅፎ ወደ መኪናው ወሰዳት። «ቤቴን ለማን…» ስትል «ለጎረቤትሽ!» አልኳት።

ሐኪሙ «እንኳን ቶሎ አመጣችኋት» አለን። አሁን ዘበኛው ቤት ናት፤ በከዘራ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ባለፈው አለቃው ስክሪኑን አይቶ «ይሄ መጨረሻ ላይ የቀላው ምንድን ነው? ለምን አታስነሣውም?» አለው።

«የእናቴ ነው» አለ ወንድሜ። «እሷ እኔ ጋ ናት፤ ይጥፋ።»