በስለት የለወጥኩት አውሮፕላን

አውሮፕላን እፈራለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ሞጣ ውስጥ የልብስ ሱቅ ከነበረን ሴቶች መካከል እንደ እኔ ቻይና የተመላለሰ አልነበረማ። በዓመት አራት ጊዜ፣ ገበያው ሲቀና አምስት ጊዜ እሄድ ነበር። የሚስቁብኝ የሚፈራ ሰው ቤቱ ይቀመጣል ብለው ስለሚያስቡ ነው። እኔ ግን እየፈራሁ ነው የሄድኩት። ከሞጣ ተነስቼ፣ ቢቸና እናቴ ዘንድ አድሬ፣ በማግስቱ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ስወርድ እንቅልፌን እለጥጣለሁ፤ ስነቃም ከረዳቱ ጋር እጣላለሁ። የአውሮፕላን በር ሲዘጋ ግን የማውቀው ጸሎት ሁሉ ተደበላልቆ ይመጣብኛል።

የማይል ካርዱን የሰጠችኝ አዲስ አበባ የአገራችን አየር መንገድ ትኬት ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። በበረርኩ ቁጥር ማይል እንደሚጠራቀምልኝ፣ ሲበዛም በነጻ ትኬት እንደሚለወጥ አስረዳችኝ። በነጻ የሚሰጥ ነገር ያጠራጥረኛል። ካርድ ላለው ሰው ተጨማሪ ኪሎ ይፈቀድለታል ስትለኝ ግን ወዲያው ፈረምኩ። ሻንጣዋን ሚዛን ፊት ከፍታ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው እያጉረመረመባት፣ ጫማና ጃኬት መርጣ ያወጣች ነጋዴ ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

በዚያ ድርጅት ሦስት ዓመት ያህል ተመላለስኩ። ወንበሩ ይጠባል፤ ከፊቴ ያለው ሰው ወንበሩን ሲያስተኛ ጸጉሩን ልሠራለት ምንም አይቀረኝም ነበር። ስክሪኑም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ነገር ግን ሆስተሶቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። ዓቢይ ጾም ሲሆን ሳልጠይቅ "የጾም ነው የማመጣልዎት?" ይሉኛል። ካፒቴኑ ሲናገር ይገባኛል። ትንሽ ይንገጫገጫል ካለ ቀበቶዬን አጥብቄ እጠብቃለሁ። የሚመጣውን ማወቅ ፍርሃቴን ባያጠፋውም ያበርድልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቻይና ስመለስ፣ ቁርሱ ተሰብስቦ ሳያልቅ፣ አውሮፕላኑ ድንገት ወደ ታች ሄደ። ሻዬ ከነኩባያው ከፊቴ ተነስቶ ሌላ ሰው ላይ ተደፋ። ከኋላ ሴቶች ጮኹ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። "ጊዮርጊስ፣ በደህና ካወረድከኝ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ" አልኩ። አልቆመም። ጃንጥላው ላይ መጋረጃ ጨመርኩ። ባሰበት። ከጎኔ የተቀመጠው ቻይናዊ ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ያዘኝ፤ አልከለከልኩትም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "አውርደኝ እንጂ የዚህን ድርጅት አውሮፕላን ሁለተኛ እግሬ አይረግጠውም" አልኩ። ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስክንደርስ ውኃ እንኳ በብርጭቆው ውስጥ አልተነቃነቀም። ልብ በሉ፣ ነጋዴ ነኝና በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ጨርሶ አልበርም አላልኩም።

ጃንጥላውንና መጋረጃውን ለሞጣ ጊዮርጊስ አስገባሁ። ለሦስተኛው ስለት ምን እንደማደርግ ግን ግራ ገባኝ። የገበያ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዷማ ታቦት በትኬት ጉዳይ አይገባም አለችኝ። ቢቸና ወርጄ ለእናቴ ስነግራት እሷ አልሳቀችም። የምትፈትለውን ጥጥ አስቀምጣ፣ "ጠየቅሽው፣ ሰጠሽ። አሁን ደግሞ አንቺ ስጪው" አለች። እናቴ ስለት አፍርሳ አታውቅም። በልጅነቴ ታምሜ ስድን የተሳለችውን ለማድረስ ከቢቸና ደብረ ወርቅ በእግሯ ሄዳለች፤ መኪና ነበረ እኮ። እሺ ብያት ተመለስኩ።

ስለዚህ ድርጅት ለወጥኩ። በዓረብ አገር በኩል የሚያልፍ ሌላ አገኘሁና አዲስ ካርድ አወጣሁ፤ ማይሉም ከዜሮ ጀመረ። እውነቱን መናገር ካለብኝ ሁለተኛው በመስተንግዶ የመጀመሪያውን ያስንቀዋል። እግር መዘርጊያው ሰፊ ነው። ገና ሲቀመጡ የሞቀ ፎጣ በመቆንጠጫ ይሰጣል፤ መጀመሪያ ቀን የሚበላ መስሎኝ ትንሽ ጠበቅኩ። ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው። ኪሎውም ይሻላል። የጾም ምግብ ስል ግን አትክልት በቅቤ አምጥተው ፈገግ ይላሉ፤ ዳቦዬን በሎሚ ጭማቂ እያወራረድኩ ስንቱን ባሕር ተሻግሬያለሁ። ስክሪኑ ደግሞ ሁልጊዜ ይሠራል፤ እሱ ነው የገደለኝ። ትንሿ አውሮፕላን ሰማያዊው ውኃ ላይ ብቻዋን ስትሄድ ያሳያል፤ ከሥሯ ስንት ሺህ ጫማ እንዳለ ይጽፋል። ነጠላዬን አልብሼው ነበር የምጓዘው። ካፒቴኑ የሚናገረው አይገባኝም። ስለዚህ የሆስተሶቹን ፊት እከታተላለሁ፤ አንዷ ፊቷን ካጨማደደች ልቤ ቀጥ ይላል፣ ጫማ ጠቧት ይሁን ሞተር ተበላሽቶ በምን አውቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ከግማሽ ሄድኩ።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ሦስቴ አራቴ መቀመጥ ጀመረች። ቢቸና ያሉት ሐኪሞች ወደ ላይ ላኳት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከልቧ ክዳኖች አንዱ በትክክል እንደማይዘጋና በቀዶ ጥገና መለወጥ እንዳለበት ተነገረን። ወረፋው ረጅም ነበር። ህንድ አገር ቶሎ ይሠራል አሉን። ሳትሠራስ ብትቀር ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ወጣት ነው፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰና ከሚቀጥለው ክረምት ባታሳልፉት ይሻላል አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ገባብኝ፤ ሲበሉም፣ ሲነግዱም፣ ከሰው ጋር ሲስቁም የማይለቅ።

የሱቄ ዕቃ ተሽጦ ለሆስፒታሉ ሄደ። የቀሩኝ ሁለቱ ካርዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ላይ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ የሚሆን ማይል ተቀምጧል። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ ለአንድ ሰው። በአንዱ ጸንቼ ብሆን ኖሮ አንድ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሄድ ነበር። እጄን ነከስኩ። በዚያ ላይ በስለት የተውኩትን ድርጅት ማይል እናቴ ብትጠቀምበት ስለቴን ያፈርስብኝ እንደሆነ አላወቅኩም። ሞጣ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ የቅኔ ሊቅ ናቸው፣ አውሮፕላን ግን ሰማይ ላይ ሲያልፍ እንጂ በቅርብ አይተው አያውቁም።

"ማይል ማለት ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አባ፣ በሄድን ቁጥር የሚቆጠርልን ነው። ሲበዛ በነጻ ያስኬዱናል።"

"የሄድሽውን መንገድ ቆጥረው ይመልሱልሻል ማለት ነው?"

"እንዲያ በሉት።"

ጥቂት አሰቡ። "አይረግጠውም ያልሽው የማንን እግር ነው?"

"የራሴን።"

"እንግዲያውስ የእናትሽ እግር የራሳቸው ነው። ይሂዱበት። አንቺ በሌላው ሂጂ።"

ደስ ብሎኝ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ምን ላይ እንደገባሁ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ከቢቸናና ከአዲስ አበባ ሌላ አገር የማታውቅ፣ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ የሌላት፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ የምታርፍ ሴት ብቻዋን ህንድ ልልክ ነው።

አማርኛ የሚነገርበት ለእሷ ይሻል ነበርና በዚያ እንድትሄድ ተስማማን። ቀጥታ በረራ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። እኔ በትራንዚት ዞሬ ስድስት ሰዓት እደርሳለሁ። የሆስፒታሉ ሹፌር የሚመጣው በእኔ ሰዓት ነው። ዊልቸር አዘዝኩላት። አንድ የሞጣ መምህር በእንግሊዝኛ ጽፎልኝ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩት፦ ልጄን መውጫው በር ላይ እጠብቃለሁ፣ እባካችሁ ወደ ሌላ አትውሰዱኝ ይላል። አየር ማረፊያው በር ላይ ለዊልቸር ገፊው ሳስረክባት፣ "ምነው ፊትሽ ገረጣ? እኔ ነኝ እንጂ የምሄደው" አለችኝ። መለስ ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ያየችኝ እንደሆነ እንደማለቅስ ታውቃለች።

ዓረብ አገር ስደርስ ሰሌዳው ላይ የእኔ በረራ ሰዓት ተገፋ። አንድ ሰዓት። ቆይቶ ሁለት። ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ይመጣል ተባለ። በማላውቀው ቋንቋ ይናገራሉ፣ ሰዎች ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ለመዘግየቱ ይቅርታ ብለው ሳንድዊችና የሞቀ ፎጣ አደሉን። ምነው ያን ፎጣ ባልሰጡኝ እላለሁ እስከ ዛሬ፤ እናቴ ማንም በማያውቃት አገር በር ላይ ተቀምጣ እኔ እጄን በሽቶ ውኃ እጠርጋለሁ። መድኃኒቷን ወስዳ ይሆን? ሽንት ቤት ማን ያሳያታል? ስልክ የላትም። ሰዓቱ ስድስት አለፈ፣ ስምንት ሆነ። ከዚያ በፊት የማውቀው ፍርሃት ለራሴ ነበር፤ ለካ እሱ ቀላሉ ነው። በመጨረሻ ስንሳፈር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ሲነሳ አልፈራሁም። ስክሪኑንም አልሸፈንኩትም፤ ትንሿ አውሮፕላን ለምን አትፈጥንም እያልኩ አፈጠጥኩባት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስኩ። ሻንጣዬን ትቼ ሮጥኩ። እናቴ መውጫው ፊት ለፊት ዊልቸሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። አጠገቧ አንድ ጥበቃ ቆሟል፤ ውኃ ገዝቶላት ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችኝ። "መጣሽ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ሲጠብቀን በቆየው የሆስፒታሉ መኪና ውስጥ እጄን ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ደም ልትቀዳ ስትመጣ እናቴ ክንዷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። መርፌ ፈርታ መሰለኝ።

"አይደለም" አለችኝ። "ቀዶ ጥገናውን አልሠራም። አገሬ መልሺኝ።"

"ምን ሆነሻል እምዬ?"

"ትላንት ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰው ይወጣል፣ አንቺ የለሽም። ደግሞ ሌላ ሰው ይወጣል፣ የለሽም። አውሮፕላኑ ወድቋል አልኩ። ጊዮርጊስ፣ ልጄን አምጣልኝ እንጂ ይኼን ቀዶ ጥገና ትቼልሃለሁ አልኩት። አመጣሽ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሕይወቷን እኮ ነው የተሳለችው። ይህንኑ ስላት፣ "የራሴን ነው፣ የሰው አልሰጠሁ" አለች። አውሮፕላኑ አለመውደቁን፣ መዘግየቱን ብቻ ነገርኳት። "በእኔ ዘንድ ወድቆ ነበር" አለች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። የሐኪሙን ቃል ነገርኳት፣ ክረምቱን ነገርኳት። ቀና ብላ፣ "አንቺስ መች አፈረስሽ? ሁለት ዓመት ከግማሽ በቅቤ የራሰ አትክልት እየመለስሽ የሄድሽው ለማን ብለሽ ነው?" አለችኝ። እንደዚያ ቀን በራሴ ላይ የተናደድኩበት ጊዜ የለም። በፍርሃት ያወጣኋትን አንዲት ቃል እንደ ትልቅ ነገር ስጠብቅ፣ እሷ ከጎኔ ሆና ትመለከት ነበር።

ነርሷ ነገ ጠዋት ተመልሳ እንደምትመጣ፣ ያኔም ካልተቀዳ ወረፋው እንደሚያልፍ በምልክትና በወረቀት ነገረችኝ። ወጣሁ። ለማረፊያ የያዝነውን ገንዘብ ይዤ የመጀመሪያውን ድርጅት ቢሮ አፈላልጌ አገኘሁ። በሩን ስገፋ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀኝ ያህል ተሰማኝ፤ ቀልዴን አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው የት መሄድ እንደምፈልግ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እኔ በሩን ነበር የማየው።

በማግስቱ ትኬቱን አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ማንበብ አትችልም፤ አንስታ አገላበጠችው።

"ምንድን ነው?"

"መመለሻዬ ነው። በአንቺው አውሮፕላን፣ ከአንቺው ጎን።"

"ስለትሽስ?"

"አፈረስኩት።"

ነርሷ መርፌዋን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

"ቢቆጣስ?" አለች እናቴ።

"አላውቅም። በጣም ፈርቻለሁ።"

እጄን ያዘችኝ። ለቅጽበት የምትስቅ መሰለኝ፤ አልሳቀችም። "እንግዲህ ንስሐውን አብረን እንገባለና" አለች፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋም ክንዷን ለነርሷ ዘረጋችላት።