መብራት አጥፍቶ ማሳለፍ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ጨዋው» ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በር ላይ ከሰው ጋር ከተገጣጠመ «ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲል ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። ታላቅ እህቱ ነኝና ይህ ይሉኝታው ስንቴ እንዳንጨረጨረኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራው ለገጠር ሱቆች በሞተር ዕቃ ማድረስ ነው። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን ከኋላው ይከምርና አመሻሹ ላይ ከከተማ ይወጣል። ጭነት ሲበዛ የሞተሩ ኋላ ዝቅ፣ የፊት መብራቱ ቀና ይላል፤ መንገዱን ትቶ የመጪውን ሰው ዓይን ይወጋል። የከተማው መካኒክ ሞተረኞቹን፣ ስትጭኑ የመብራቱን ብሎን አላልታችሁ ፊቱን ወደ መሬት መልሱት ብሎ ምላሱ እስኪዝል መክሯቸው ነበር። ማን ሰምቶት! የእኛ መንገድ ሞተረኞች የራሳቸውን ዘዴ አበጁ፤ ሲተላለፉ ሁለቱም መብራታቸውን ድርግም ያደርጋሉ። ያላጠፋ ባለጌ ይባላል። ወንድሜ ደግሞ ባለጌ ከሚባል ገደል ቢገባ ይመርጣል።

አባዬ ልጁ ከመንገድ ካልገባ እህል አይወርድለትም። ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ እስከ መታጠፊያው ወጥቶ ይጠብቀዋል። አንድ ማታ ሲወጣ ባትሪ እንኳ ያዝ ብለው፣ የልጄ ሞተር መብራት አለው አይደል ወይ ብሎ ሳቀብኝ።

ባሌም ሞተረኛ ነው፤ የማታ ወተት ወደ ከተማ ያወርዳል። ያን ዕለት እሱ ሲወርድ ወንድሜ ሲመጣ መታጠፊያው ላይ ተገናኙ። በሞተራቸው ድምፅ ከሩቅ ተዋወቁ። አማች ለአማች ነውና ገና ሳይቀራረቡ ተሽቀዳድመው አጠፉ። አባዬም የልጁን ሞተር ድምፅ ለይቶ ሊቀበለው ወደ መንገዱ ገብቶ ነበር። በዚያ ጨለማ ሁለቱም ሞተሮች ወደቁ። ተነስተው መብራት ሲያበሩ አባዬ በመሃላቸው ተዘርግቷል፤ ትንፋሽ የለውም። የማን ጎማ እንደመታው ማንም አላየም።

ከቀብሩ በኋላ ሞተረኛው ሁሉ መብራቱን ሊያስተካክል መካኒኩ ደጅ ተኮለኮለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ወንድሜ ቤቴ መጣ። ባሌም አጠገቤ ተቀምጧል።

«እቴ፣ የኔ ጎማ ነው። በባልሽ ቂም እንዳትይዢ» አለኝ።

«ውሸቱን ነው» አለ ባሌ። «እኔ ነኝ የመታሁት። ወንድምሽን እንዳትጠይው።»

አንዱ እኔ ሲል ሌላው የለም እኔ ነኝ ይላል። አባቴን ያሳጣኝ ይኸው አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም መባባል አይደል እንዴ?

«በአባቴም ሞት ትገባበዛላችሁ?» አልኳቸው።

አንዱ ያሳደግኩት ወንድሜ፣ አንዱ የልጆቼ አባት፤ በማንኛቸው ልፍረድ? ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ብቻዬን አለቀስኩ።