ቀናሿና የካርድ ክፍሉ ደብተር

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቀናሿ» ይሏታል። ሌሎቹ ፕሮግራመሮች በሳምንቱ ስብሰባ ስንት መስመር ኮድ እንደጨመሩ ሲደረድሩ፣ እሷ የምትናገረው የቀነሰችውን ነው፤ ያውም ደረቷን ነፍታ።

ሥራዋ ሆስፒታሎች የሚገለገሉበትን የመዝገብ ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮድ ቋንቋ ካሉ ያረጁ ፋንክሽኖች፣ ማለትም ተዘጋጅተው ከተቀመጡ የትእዛዝ ቁራጮች፣ ማጽዳት ነው። ከሁሉም የባሰው፣ በኪቦርድ የተጻፈለትን ሁሉ ቦታ ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ የሚያግበሰብሰው ነው። ለሠላሳ ፊደል በተዘጋጀ ቦታ አርባ ሲመጣበት ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ይህን ጉድ ከሃያ ዓመት በፊት እዚያ የከተተችው ደግሞ ራሷ ናት። ባሰበችው ቁጥር ታፍራለች።

መዘዙን ከማንም በላይ የቀመሰችው ታላቅ እህቷ ናት፤ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነች። ኮምፒውተሩ እንዳይቆምባት ረጃጅም ስሞችን ትቆርጥና ሙሉውን በደብተር ትጽፋለች። አንዴ ሁለት በሽተኞች በተቆረጠ ስም አንድ ሰው ሆነው፣ ደብተሩን ባታይ ኖሮ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ሊሰጡት ነበር።

ቀናሿ ፋንክሽኑን ከመቶ አርባ ቦታ አንድ በአንድ ነቀለችው። ነገር ግን ፕሮግራሙ በአዲሱም በአሮጌውም ኮምፒውተር መሥራት አለበት፤ የእህቷ ደግሞ የአሮጌዎች አሮጌ ነው። ስለዚህ በአዲስ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራውን ዘመን አመጣሽ ምትክ ትታ፣ ሁሉም ላይ የሚገኘውንና ከተለካለት በላይ የማይቀበለውን መረጠች፤ የስሙንም ቦታ አሰፋችው።

«እህትሽ ኮምፒውተር ላይ ካልሠራ የድሮውን እንመልሳለን» አላት አለቃዋ።

ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ሄዳ የታደሰውን ፕሮግራም ጫነችና ከእህቷ ጀርባ ቆመች። ከወረፋው ፊት ያሉት ሽማግሌ ስማቸውን ከነቅድመ አያታቸው ተናገሩ። እህቷ እንደለመደችው ስሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ቀጥዪ እንጂ፣ እትዬ!»

«ኧረ ተይኝ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ላስቆመው ነው?»

«በኔ ጣይው።»

እህቷ ዓይኗን ጨፍና የመጨረሻዋን ፊደል መታች። ካርዱ ሙሉውን ስም ይዞ ታትሞ ወጣ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት።

«ምን ጨምረሽበት ነው?» አለች እህቷ።

«ቀንሼ ነው።»

እህቷ ስቃ መሳቢያዋን ከፈተችና ጠርዙ ያለቀውን ደብተር አወጣች።

«እንግዲያው ይሄንንም ቀንሺልኝ» ብላ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

ቀናሿ በዚያ ሳምንት ስብሰባ ተራዋ ሲደርስ የመስመር ቁጥር አልጠራችም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።