ረታ የሞተበት ቤት

ጎሮ ውስጥ እንቁ ሦስት ባል ቀብራለች ይባላል። የመጀመሪያውን በጠላ፣ ሁለተኛውን በሽሮ፣ ሦስተኛውን፣ ረታን ማለት ነው፣ በቀይ ወጥ። ወሬው ታክሲ ተራ ሲደርስ አንድ ውሻ ይጨመርበታል። መጋረጃ ሊያሰፉ ሱቋ የሚመጡ ሴቶች እንኳን ሻይ ስታቀርብላቸው «አሁን ጠጥቼ ነው የወጣሁት» ማለት ጀምረዋል።

ሐሰት ነው። እንቁ ያገባችው አንድ ሰው ብቻ ነው። «የመጀመሪያ ባሏ» የሚባለው ሰርቪስ ቤቷን የተከራዩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስኳር በሽታ ነው የጨረሳቸው። «ሁለተኛው» የልጅነት እጮኛዋ ሲሆን ጭራሽ አልሞተም፤ ሐዋሳ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ ቦርጭ አውጥቷል። ውሻውን የገጨው ሲኖትራክ ነው። ረታንም አልገደለችውም። ችግሩ፣ ገደለችው የሚያሰኘውን ማስረጃ ሁሉ ያዘጋጀችው ራሷ ናት።

ረታ ትንሽዬ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። በቪትዝ መኪናው ቦሌን ሲዞር ይውላል፣ ማታ ይገባል፣ የቀረበለትን ይበላል። እንቁ ደግሞ ቅናቷ ከእሷ ቀድሞ የሚነቃ ሴት ናት። ከኋላ ወንበር ፀጉር ካገኘች፣ ክር ከጨርቅ ጋር እንደምታስተያይ ወደ ብርሃን ይዛ ቀለሙን ትለያለች።

«ተሳፋሪ ናት እኮ፣ እንቁዬ» ይላታል።

«ተሳፋሪ ሒሳብ ከፍላ ትወርዳለች። ይቺ ፀጉሯን ትታልሃለች፣ ልትመለስ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ኖሩ። በእንቁ ሐሳብ ውስጥ ያቺ ሴት መልክ ነበራት፦ ልጅ እግር፣ ጥፍሯ የተቀባ፣ ስትስቅ አንገቷን የምትሰብቅ። ስም ብቻ ነበር የቀራት።

አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ በረታ ስልክ ተደወለላት። የሴት ድምፅ ነው።

«የረታ ባለቤት ነሽ?»

«አንቺስ?» አለች እንቁ።

ከአትላስ ጀርባ ወዳለ አንድ ቅያስ ስትደርስ ቪትዟ ከአንድ አሮጌ በር ፊት ቆማለች። ረታ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ቀበቶ አስሮ፣ ራሱን መስታወቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቡ የቆመችው ሴት ሽበቷን በሻሽ የሸፈነች፣ የሹራቧ አንድ ቁልፍ የጎደለ፣ እንቁን በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። ወይንሸት ትባላለች። እንቁ ቆንጆ ብታገኝ ይቀላት ነበር፤ ወንድ ልጅ በቆንጆ ይሳሳታል ተብሎ ይታለፋል። እዚህች ሴት ዘንድ የሚመጣ ወንድ ግን ተሳስቶ አይደለም።

«ደረቴን አለኝ» አለች ወይንሸት። «ሐኪም ቤት እንድንሄድ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት። እኔ መንዳት አልችልም፤ የሚነዳልን ሰው ፈልጌ አጥቼ ስመለስ አለፈ። ግፊቱ ነው፣ እህቴ። ጨው እንኳ ትቶ ነበር።»

እንቁ ግፊት እንዳለበት አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ጨው የበዛበትን ፍርፍሯን ጠርጎ በልቶ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ነው የወጣው። እጁን ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ከዚያ ዓይኗ ወደ እግሩ ወረደ። እሷ የማታውቀው ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። ተረከዙ ወደ ውጭ አልቋል፤ ረታ ሲረግጥ ጫማ የሚጨርሰው በዚያ በኩል ነው። ነጠላ ጫማ እንዲህ አረማመድ የሚለምደው ደግሞ ዓመታት ተለብሶ ነው።

ማልቀስ ነበረባት፣ አላለቀሰችም። የታያት ድንኳኑ ነው። እድርተኛው ሁሉ «የት ነው ያረፈው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ደግሞ ይሄ አሮጌ በር ነው። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ባል መጨረሻውን ለሌላ ሰጥቶ ሲሄድ፣ እሷ ሬሳ ተረካቢ ልትሆን ነው።

«ይሄ ሰው የሞተው እቤቱ ነው» አለችና ቁልፉን ተቀበለች። «ሰማሽ?»

ወይንሸት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እንቁ እስከ ጎሮ ድረስ እየነዳች ስትሰድበው ሄደች። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር የቀራት ስድብ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ተሳፋሪ ናት» አላላትም።

በራቸው ጋ ጎረቤቷ ፈትያ እንቁላል ይዛ ከሱቅ ስትመለስ አገኘቻቸው። ጎንበስ ብላ በመስታወቱ እጇን አወዛወዘች።

«ጋሽ ረታ፣ ዛሬማ ኮርተህብናል።»

«ርቦት ነው» አለች እንቁ። «ሲርበው ሰላምታም አይወድ።»

ግቢ ገብታ መኪናውን በረንዳው ድረስ አስጠጋች። በብብቱ ይዛ ጎተተችው። ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣ እንጀራና ቀይ ወጥ አቀረበችለት። የእሱን ግማሽ ራሷ በላች፤ እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። ጣቶቹን ወጡ ውስጥ ነከረቻቸው። ነጠላ ጫማውን አውልቃ እቤት የነበረ ሌላ ጫማውን አደረገችለት። ከዚያ ጮኸች።

ጎሮ እንግዲህ ምን ይበል? ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ደህና ገባ፤ ፈትያ አይታዋለች። ርቦት ነበር፤ ሚስቱ ናት ያለችው። በላ፣ ሞተ። ሐኪም ይየው ሲባል «ባሌን አታንገላቱብኝ» ብላ በማግሥቱ አስቀበረችው።

ወይንሸት ቀብሩ ላይ መጥታ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። እንቁ ከእኔ በላይ ታለቅሳለች ብላ አድፍጣ ጠበቀቻት። ወይንሸት ምንም አላለቀሰችም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት፤ የረካ ሰው ነው እንዲህ ዝም የሚለው።

አርባው እንደወጣ የረታ ታናሽ ወንድም ሉቃስ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ገብረዋሕድን ይዞ መጣ። ፈትያም ምስክር ናትና ተጠርታለች። እንቁ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣችላቸው፤ ለስላሳ ብታቀርብ ማንም አልነካውም።

«እትዬ እንቁ» አለ ሉቃስ፣ «ወንድሜ ደህና ነበር። ምን አበላሽው?»

«ሰው የሚበላውን።»

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉ ገብረዋሕድ፣ «ሉቃስ ፖሊስ ጋ ሄጄ መቃብሩን አስከፍታለሁ ይላል። እኔ በሽማግሌ ይለቅ ብዬ ነው ያመጣሁት። የምታውቂው ነገር ካለ ተናገሪ።»

ፈትያ ጣቶቿን ስታፍተለትል ነበር። «ሲገባ ኮ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደክሞት መስሎኝ።»

የውጭው በር የተንኳኳው ይሄኔ ነው። ወይንሸት ናት። አርባው ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምታ ኖሮ፣ አጣርታ መጥታለች። ተቀመጪ ሳትባል፣ ቆማ፣ ከፌስታል ውስጥ የተጀመረ ኪኒን አወጣች።

«ይቺ ሴት ምንም አላደረገችም» አለች። «ረታ የሞተው እኔ በር ላይ ነው። የግፊት መድኃኒቱ ይኸው። ደብቆ እኔ ዘንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ዝም ያልኩት እሷን አክብሬ ነው፤ ገዳይ ስትባል ግን ዝም አልልም።»

እንቁ በዚያች ቅጽበት ነፃ ወጥታ ነበር። ራሷን ብትነቀንቅ ያልቃል፤ ነገ ሴቶቹ ሻይዋን ይጠጣሉ።

ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ወይንሸት አዞረ። ገብረዋሕድ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ፈትያ ያልተነካውን ለስላሳ አንስታ ሰጠቻት። ሉቃስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ እንቁን አንድ ቀን ያልጠየቃትን ወይንሸትን ጠየቃት።

«ተሠቃይቶ ነበር? የተናገረው ነገር አለ?»

ወይንሸት ለመመለስ አፏን ስትከፍት እንቁ ተነሣች። ያቺ ሴት የረታን የመጨረሻ ቃል፣ በእንቁ በረንዳ፣ በእንቁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልታወራ ነው።

«ውሸቷን ነው» አለች። «አላውቃትም። ባሌ እዚህ ገብቶ፣ ከእጄ በልቶ፣ እቤቱ ነው የሞተው።»

«እንቁዬ» አለች ፈትያ፣ «ልታድንሽ እኮ ነው የመጣችው።»

«ማን ጠራት?»

ገብረዋሕድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የምትናገሪውን ታውቂዋለሽ? አንቺ ያልሽውን ከያዝን ሉቃስ ከዚህ የሚሄደው ጣቢያ ነው።»

«ይሂድ። አልከለከልኩትም።»

«እትዬ» አለ ሉቃስ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ገዳይ መባል ይሻልሻል?»

እንቁ ነጠላዋን አስተካከለች። ወይንሸትን ከሻሿ እስከ ጫማዋ አየቻት፤ ከዚያ ሦስቱንም በየተራ።

«ገዳይም በሉኝ፣ እኔ ሚስቱ ነኝ» አለች። «እሷስ ምኑ ናት?»