ጀልዴሳ የሄድኩት ስለ ወተት ነበር

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳንርቅ እንኖር ነበር። ባለቤቴ የባቡር መካኒክ ነው። እናቴ ከደጋ አባቴን ተከትላ ወደ ድሬዳዋ የወረደች ሴት ናት፤ እሱ ከሞተ በኋላ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበራትም። ሆዴ መግፋት ሲጀምር አንድ ቀን ሳትነግረኝ ከአረብ ሱቅ ጡጦና የቆርቆሮ ወተት ገዝታ መጣች።

«ከአሁኑ ብናዘጋጅ ይሻላል» አለች።

«ለምን? እኔ አላጠባም እንዴ?»

«የእኛ ዘር ጡቱ ደረቅ ነው ልጄ። ለእኔም አልሆነልኝም። ተስፋ አድርገሽ ኋላ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው። እኔን ያጠባችኝ ሌላ ሴት መሆኗን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መጋላ ሰፈር ስንኖር በአንድ አጥር የምንዋሰን የሶማሌ ጎረቤታችን ነበረች። ልጇ እንደሚጠራት እኔም ሆዮ እላታለሁ፤ እናት ማለት ነው። እኔንና ልጇን አንድ አንድ ጡት ሰጥታ አሳደገችን። ፊደል በምቆጥርበት ጊዜ ባሏ ሞተና ወደ ዘመዶቹ አገር ወደ ጀልዴሳ ገባች። እናቴ ስለ እሷ ብዙም አታወራም ነበር። ስሟ ሲነሳ የሆነ ሥራ ትዝ ይላትና ትነሳለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ጡቴ ማሰብ አላቆም አልኩ። አንዷ ጎረቤት በሻካራ ፎጣ ፈትጊው፣ ይጠነክራል አለችኝ። ሌላዋ በሳሙና እጠቢው አለች። ሁለቱንም አደረግሁ። ቆዳዬ ተላጠ፤ ሲያቃጥለኝ ደግሞ እናቴ ያለችው እውነት ነው እያልኩ ልቤ ይዝል ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ወርጄ የጡት ወንድሜን ፍየል ሲሸጥ አገኘሁት። ሆዴን አይቶ ሳቀና በአማርኛም በሶማሊኛም መረቀኝ። ያስጨነቀኝን ነገር ለወንድ ማውራት ቢያሳፍረኝም ለእሱ ነገርኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ። «ነገ ወደ እኛ የሚሄድ መኪና አለ። ነይና ራሷን ጠይቂያት።»

ባለቤቴ መንገዱ ያንገላታሻል ብሎ ተቃወመ። እኔ አልመለስ ስል ግን ሾፌሩን ራሱ አነጋግሮ ከፊት አስቀመጠኝ፤ ከስሬም ትራስ አደረገልኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ሰላም በይልኝ» አለች።

ሆዮ ከግራር ጥላ ስር ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች፤ ድምጿ ግን ያው ነው። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጎጆዋ አስገባችኝና፣ «አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት።

«ይሄን ማን ፋቀው?»

«ይጠነክራል ብለውኝ ነው።»

«ጡት ሌጦ ነው እንዴ የሚለፋው? ተይው። ውሃ ይበቃዋል።»

እናቴ ያለችኝን ነገርኳት። ሆዮ ልብሴን መልሳ ሸፈነችልኝ።

«እናትሽ ደረቅ አልነበረችም» አለች። «አንቺን ስትወልድ ወተቷ ልብሷን ያረጥብ ነበር። ኋላ ወባ ጣላትና ሐረር ሆስፒታል ወሰዷት። ብዙ ቆየች። አንቺን እኔ ያዝኩሽ። ስትመለስ ጡቷን ሰጠችሽ፤ አንቺ እያለቀስሽ ወደ እኔ ዞርሽ። ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ አቀፈችሽና ለእኔ ሰጠችኝ፤ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ጡት ካልጠቡት ወተቱ ይሄዳል። የግመልም እንደዚያው ነው።»

«ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«ነገሩ የእሷ ነው። ደረቅ ነኝ ማለት ከቀለላት እኔ ምን ልበል?»

የወንድሜ ሚስት ገና የምታጠባው ልጅ ነበራት። ሆዮ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ስታጠባ እንድመለከት አደረገችኝ። ልጁ ወደ ጡት ይመጣል እንጂ ጡት ወደ ልጁ አይሄድም፤ ሆዱ ከእናቱ ሆድ ይገጥማል፤ አፉን በደንብ እስኪከፍት ይጠበቃል። ልጁ ሲጠግብ ለእኔ ሰጡኝ፣ እንዴት እንደሚታቀፍ እንድለምድ። ክንዴ ሲገታተር ሆዮ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች፣ «ላላ በይ፣ አይሰበርም» ትለኝ ነበር። ስትሸኘኝም፣ «እንደወለድሽ ወዲያው ስጪው፤ የመጀመሪያው ወተት ቢጫ ነው ብለው እንዳያስደፉሽ። ጊዜሽ ሲደርስ እመጣለሁ» አለችኝ።

ቤት ስመለስ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «ሆዮ ወተትሽ ልብስሽን ያረጥብ ነበር አለችኝ» አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ነጠላዬ ይበሰብስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከሐረር ስመለስ ፊትሽን ስታዞሪብኝ ጊዜ፣ ድሮም ወተት ያልነበረኝ መሰለኝ። እንደዚያ እያልኩ ኖርኩ።»

በማግስቱ ገብስ ቆላች፣ አብሽ አስፈጨች። ለእኔ ለሙቅ ነበር።

ሆዮ ቃሏን ጠብቃ ምጤ ሊቀርብ ሲል በዚያው መኪና መጣች፣ የግመል ወተት በእቃ ይዛ። እሷና እናቴ በር ላይ ተቃቅፈው ቆሙ፤ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ አላየሁም። ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ያዋለደችኝ የሰፈሩ አዋላጅ ናት። እንደ ልማዱ ቅቤ ልታቀምሳት ስትል እናቴ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጡት» ብላ ልጄን ራሷ ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት።

ወዲያው የሆነ ነገር አልነበረም። ልጄ ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትጮሃለች። እኔም አለቀስኩ። ባለቤቴ ገባ ወጣ ይላል። ሆዮ ክርኔን ትደግፋለች፣ እናቴ የልጄን ጀርባ ትይዛለች፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጡቴ ሞልቶ ነቃሁ። ልጄ አንድ ጊዜ ጎረሰችና አልለቀቀችም፤ ስትውጥ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ሆዮ እስከ ክርስትናው ከእኛ ጋር ቆየች። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው፣ እናቴ በአማርኛ ስትጀምር ሆዮ በሶማሊኛ እየጨረሰች ያወጉ ነበር። ለክርስትናው ድግስ ከተገዙት ፍየሎች እናቴ አንዱን ሙስሊም ጎረቤታችን እንዲያርደው አደረገች፤ በሌላ ድስትም ለብቻ ሠራችው። ራሷ አቅርባ፣ ሆዮ እስክትጠግብ ከአጠገቧ አልተነሳችም። እኔ በተከፈተው በር እያየኋቸው ልጄን አጠባ ነበር።