የማን ልጅ ነህ?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ስሜን ብቻ ነው። ያሳሰረኝም ስሜን የጻፍኩበት ወረቀት ስለሆነ አሁንም እጄ ይፈራል።

እኛ ከወናጎ ወጣ ብሎ የምንኖር ሸክላ ሠሪዎች ነን። ሰው ማሰሮአችንን ገበያ ላይ ይገዛል፤ ቤቱ ግን አያስገባንም፤ የጠጣንበትን ኩባያም አይነካም። ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ስላልነበረ መሬት ላይ እቀመጥ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። ባለፈው ዓመት የታናናሾቼ አስተማሪ ማመልከቻ ጻፈልን። ልጆቻችን ከሌሎቹ ጋር እንዲቀመጡ፣ ከእኛም አንድ ሰው የቀበሌው ምክር ቤት እንዲገባ የሚጠይቅ ነበር። አሥራ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ እናቴም ፈረመች። ፊደል የምለየው እኔ ስለሆንኩ ስሜን ጽፌ ወረቀቱን ቀበሌው ቢሮ አስገባሁ። አስተማሪው ከእኛ ወገን አይደለም፤ መጻፉ ከታወቀ ከሥራው ይባረራል። "ስሜን እንዳታነሺ" አላለኝም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጥተው ያዙኝ። ሕዝብ ከሕዝብ የሚያጋጭ ጽሑፍ ነው አሉ።

ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ነው። ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ዲላ የምትማር የአዲስ አበባ ልጅ ስትሆን፣ የተያዘችው ስልኳ ላይ በጻፈችው ነገር ነው። ሌላዋ በመሬት ጉዳይ ከቀበሌው ጋር የተጣሉ የጌዴኦ አሮጊት ናቸው። ተማሪዋ ጌዴኦኛ ስለማትችል የምናወራው በአማርኛ ነበር። አሮጊቷ አማርኛ ላይ ሴትና ወንድ ስለሚምታታባቸው ሁላችንንም "አንተ" ይሉን ነበር።

ጥጉ ላይ ከገበያ የተገዛ እንስራ ነበር፤ አፉ ላይ አንድ የላስቲክ ኩባያ ተደፍቷል። ከአንገቱ ሥር ሦስት ጭረት አየሁና ደነገጥኩ። እናቴ ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ ጥፍር የምታደርገው ምልክት ነው።

ተማሪዋ ውሃ ቀድታ ዘረጋችልኝ። "ጠጪ፣ ከንፈርሽ ደርቋል እኮ።"

"ቆይ!" አሉ አሮጊቷ። "የማን ልጅ ነህ አንተ?"

ተማሪዋ ሳቀች። "እማማ፣ ሴት ናት እኮ! እኔንም ወንድ አደረጉኝ።"

"አንተማ ሱሪ ለብሰሃል!"

እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ "አልጠማኝም" አልኩ። ውሸቴን ነበር። ሁለቱ ሲቀዱ፣ ሲጠጡ፣ የእንስራውን ሆድ ሲደገፉ እያየሁ እስከ ከሰዓት ቆየሁ። ምላሴ እንደ ደረቅ ጭቃ ሆነ።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ማመልከቻው ነበር። በራሱ ብርጭቆ ውሃ ቀዳና ፊቴ አስቀመጠው።

"ይሄ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም። ማን ጻፈው?"

ብርጭቆውን አየሁ።

"አንድ ስም ነው የምጠይቅሽ። ስሙን ንገሪኝ፣ ውሃሽን ጠጪ፣ ቤትሽ ግቢ።"

ከእኛ ሰው ውጭ ማንም የራሱን ብርጭቆ ሰጥቶኝ አያውቅም። አንዲት ጠብታ በብርጭቆው ጎን ቁልቁል ስትወርድ ተከተልኳት። የአስተማሪው ስም አጭር ነው፤ ምላሴ ላይ ነበር።

"ስሜ አለበት። የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት።

"እንግዲያው ነገም እንገናኛለን" አለና ውሃውን በመስኮት ደፋው።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ብጠጣ አሮጊቷ ሲያውቁ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። ሳልጠጣ ካደርኩ ግን ነገ ያንን ብርጭቆ አነሳዋለሁ፤ ስሙም አብሮ ይወጣል። ከሁሉም የፈራሁት ይህንን ነበር። እንስራው ጋ ሄጄ ጭረቶቹን በጣቴ ነካሁ።

"እማማ፣ የማን ልጅ ነህ ብለውኝ ነበር። ይህን እንስራ የሠራችው እናቴ ናት።"

ቀድቼ ጠጣሁ። ደግሜ ቀዳሁ።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተማሪዋ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየችና "እና ምን ይጠበስ?" አለች፤ ኩባያውን ከእጄ ተቀብላ ጠጣች። አሮጊቷ ግን ከዚያ በኋላ ኩባያውን አልነኩም።

በማግስቱ መርማሪው ብርጭቆውን እንደገና ሞላልኝ። እንደሞላ ትቼው ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ተፈቱ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና እንስራው ጋ ሄዱ። ኩባያውን አነሡ፣ ትንሽ አዩት። ሳያለቀልቁት ቀድተው ጠጡ።

እኔ በዘጠነኛው ቀን ወጣሁ። ለማመልከቻው እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። አስተማሪው ግን አሁንም ያስተምራል። እኔ ዲላ፣ ተማሪዎች የሚመገቡበት ቤት ዕቃ አጥባለሁ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ያጠብኩትን ብርጭቆ አንስተው ይጠጣሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ግን ዛሬ ነው እላለሁ፤ እጄ ውሃው ውስጥ ይቆማል።

አሮጊቷን ደግሜ አላየኋቸውም። ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ያሉኝን ግን ለእናቴ አድርሻለሁ።

"ለእናትህ ንገር፤ እንስራው ውሃ ያቀዘቅዛል።"